ግርጌ በሌለው ገጽ ላይ የግርጌ ማስታወሻ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ወደዚህ ዓምድ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል የጥናት ጽሑፍ አዘገጃጀትን የሚመለከቱት ጥቂት አይደሉም። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ፕሌን ቴክስት በሚባለው፣ ድምቀትም ዘመም ያለ ፊደልም የገጽ ወሰንም በማያውቀው ተራ ጽሑፍ ውስጥ ማጣቀሻና የግርጌ ማስታወሻ እንዴት ይቀመጣል የሚለው ነው። ደብዳቤዎቹን የሐሳባቸውን ፍሬ ጠብቀን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ከመመረቂያ ጽሑፌ አንዱን ምዕራፍ ለኅትመት ልልክ ስል ያለ ምንም ቅርጽ በተራ ጽሑፍ ፋይል እንዲቀርብ ተጠየቅሁ። ምዕራፉ ያለኝ በፒ.ዲ.ኤፍ ብቻ ስለነበረ ከዚያ ገልብጬ ለጠፍኩት፤ ይሁን እንጂ ከቃላቱ ራስጌ የነበሩት ትንንሽ የማስታወሻ ቁጥሮች ወርደው ከቃላቱ ጋር ተጣበቁ። እንዲያውም «1974» የሚለው ዓመት ከማስታወሻ ቁጥር 3 ጋር ተጋጥሞ «19743» ሆኖ አገኘሁት። በምን ምልክት ልተካቸው? ማስታወሻዎቹስ ገጽ በሌለበት የት ይቀመጣሉ?

መልስ፦ ከቃሉ ራስጌ ከፍ ብሎ የሚታየው 3 ብዙውን ጊዜ ከሌላው 3 የተለየ ምልክት አይደለም፤ ያው አኃዝ ሆኖ አንሶና ከፍ ብሎ እንዲታይ ትእዛዝ የተሰጠበት ነው። ተራ ጽሑፍ አኃዙን ያስተላልፋል፤ ትእዛዙን ግን አያስተላልፍም። ቁጥሩ ከቃል ጋር ሲጣበቅ ቢያንስ ስሕተት መኖሩ በዐይን ይታያል፤ ከዓመት ወይም ከመጠን ጋር ሲጣበቅ ግን ራሱን የቻለ ሌላ መረጃ ይሆናል። የእርስዎ 19743 ዓመት ሊሆን ስለማይችል ራሱን አጋለጠ፤ 45 የነበረው 452 ቢሆን ኖሮ ግን አርታኢውም ገምጋሚውም ሳያስተውሉት ሊያልፉ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን አኃዞች በሙሉ ከዋናው ቅጂ ጋር አንድ በአንድ ቢያመሳክሩ መልካም ነው።

ወደ ምልክቱ ስንመጣ፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር ፊደላትና ምልክቶች መዝገብ ውስጥ ለብቻቸው የሰፈሩትን ከፍ ያሉ አኃዞች ይመርጣሉ። እነዚህ በእርግጥ ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች ስለሆኑ በተራ ጽሑፍም ውስጥ ከፍ እንዳሉ ይቆያሉ፤ እኔ ግን አልመክራቸውም። ¹፣ ² እና ³ ከዩኒኮድ በፊት ከነበረ የምልክት ስብስብ የተወረሱ ሲሆኑ ከ⁴ ጀምሮ ያሉት በሌላ ክፍል የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ በብዙ ፎንቶች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በመጠንም በከፍታም ከተከታዮቻቸው ይለያሉ፤ አንዳንድ ፎንቶችም የኋለኞቹን ጨርሶ ስለማይይዙ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ይታያል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ልዩ ልዩ ሶፍትዌሮች ጽሑፍን ለፍለጋና ለማከማቻ አንድ ወጥ ለማድረግ ከሚጠቀሙባቸው የዩኒኮድ ማስተካከያዎች አንዳንዶቹ ከፍ ያለውን ³ ወደ ተራው 3 ይመልሱታል፤ ያን ጊዜ ያ 19743 ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የሚያዋጣው የማዕዘን ቅንፍ ነው፦ [3]። ቅንፉ የጽሑፉ አካል እንጂ ጌጡ ስላልሆነ በየትኛውም መንገድ ቢገለበጥ፣ በየትኛውም ፎንት ቢከፈት አብሮ ይሄዳል። ይህ ለችግር የተፈጠረ ማካካሻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው አይትሪፕልኢ በመደበኛ መመሪያው ምንጭን የሚጠቁመው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ባለ ቁጥር ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ ሲወጡ የኖሩትና ለብዙ አሥርት ዓመታት በተራ ጽሑፍ ብቻ ይታተሙ የነበሩት አር.ኤፍ.ሲ የተባሉት የኢንተርኔት ቴክኒካዊ ሰነዶችም ምንጮቻቸውን የሚጠቁሙት በዚሁ ቅንፍ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካላለ ምሁራዊነቱን ያጣል ብለው ከሠጉም፣ ለማስታወሻ አጻጻፍ ዋና መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው የቺካጎ መመሪያ እንኳን ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ በማስታወሻው መነሻ ላይ በተራ መጠን አስቀምጦ ነጥብ ያስከትልበታል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የማዕዘን ቅንፍ በጥቅስ መካከል ጠቃሹ የጨመረውን ቃል ለመለየትም ስለሚያገለግል፣ ጽሑፍዎ ጥንታዊ ሰነዶችን እየጠቀሰ የጎደሉ ቃላትንና ዓመታትን በቅንፍ የሚሞላ ከሆነ አንባቢው [12] የሚለውን ማስታወሻ ይሁን የተሞላ ቁጥር መለየት ይቸገራል። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ [^12] ወይም [ማስታ. 12] ብሎ መጻፍና ይህንኑ በጽሑፉ መግቢያ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል።

ምልክቱ የሚያርፍበት ቦታም የራሱ ትርጉም አለው። በእንግሊዝኛ የኅትመት ልማድ ቁጥሩ ከሥርዓተ ነጥቡ በኋላ ይመጣል፤ በፈረንሳይኛ ከሥርዓተ ነጥቡ በፊት ይቀድማል፤ በጀርመንኛ ደግሞ ማስታወሻው ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ የሚመለከት ከሆነ ከነጥቡ በኋላ፣ የመጨረሻውን ቃል ወይም ሐረግ ብቻ የሚመለከት ከሆነ ከነጥቡ በፊት ይደረጋል። የመጽሔቱ መመሪያ ካላስገደደዎት የጀርመኖቹን መንገድ ብመርጥልዎ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም «የተባለው ሁሉ ከዚህ ምንጭ የመጣ ነው» እና «ይህ አንድ ቃል ብቻ ማብራሪያ ይሻል» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ያለ ተጨማሪ ቃል ይለያል። የትኛውንም ቢመርጡ በቃሉና በቅንፉ መካከል ክፍት ቦታ አይተዉ፤ ክፍት ቦታ ካለ መስመሩ ሲታጠፍ ቅንፉ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ይችላል።

አሁን ማስታወሻዎቹ ወደሚቀመጡበት ቦታ እንምጣ። ተራ ጽሑፍ ገጽ ስለሌለው የገጽ ግርጌ የለውም። መስመሩ እንደ መስኮቱ ስፋት እየታጠፈ ይፈስሳል፤ ዛሬ በእርስዎ ኮምፒዩተር ላይ የገጽ መጨረሻ የመሰለው ነገ በአርታኢው ስልክ ላይ መሐል ይሆናል። ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው፤ ማስታወሻው ምልክቱ ካለበት አንቀጽ ቀጥሎ፣ ከምዕራፉ መጨረሻ ወይም ከፋይሉ መጨረሻ ሊቀመጥ ይችላል። ከአንቀጹ ቀጥሎ ማስቀመጥ በረቂቅ ጊዜ እጅግ ይመቻል፤ አንቀጹን ቆርጠው ወደ ሌላ ቦታ ሲወስዱት ማስታወሻው አብሮ ይሄዳል። ለአንባቢ ግን የሐሳቡን ፍሰት በየአንቀጹ ስለሚያቋርጥበት፣ የመጨረሻው ቅጂ ሲላክ ማስታወሻዎቹን በምዕራፉ መጨረሻ «ማስታወሻዎች» በሚል ርእስ ሥር መሰብሰብ ይሻላል። በየገጹ ከ1 የሚጀምር አቆጣጠር ገጽ በሌለበት ትርጉም ስለማይኖረው ቁጥሩ በምዕራፉ ውስጥ ሳይቋረጥ መቀጠል ይኖርበታል።

እያንዳንዱ ማስታወሻ በአዲስ መስመር፣ በዚያው ቅንፍና በዚያው ቁጥር ይጀምር፤ በማስታወሻና በማስታወሻ መካከልም አንድ ባዶ መስመር ይኑር። ቅንፉ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት እንዲሆን መጠየቄ ለውበት አይደለም። ሥራውን ሲጨርሱ በፋይሉ ውስጥ [1] ብለው ይፈልጉ፤ በትክክል ሁለት ቦታ መገኘት አለበት፣ አንዱ በዋናው ጽሑፍ፣ ሌላው በማስታወሻዎቹ ዝርዝር። አንድ ጊዜ ብቻ ከተገኘ ምልክቱ ወይም ማስታወሻው ጠፍቷል፤ ሦስት ጊዜ ከተገኘ ቁጥሩ ተደግሟል። ቅንፉ ስለሚዘጋ ፍለጋው [12]ን እና [31]ን አይነካም፤ ያለ ቅንፍ 1ን ብቻ ቢፈልጉ ግን በየዓመተ ምሕረቱና በየገጽ ቁጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ እየወጣ ያደክምዎታል።

በአንድ ቦታ ላይ [12][13][14] ብሎ መደርደር ቢያጋጥምዎ ሦስቱን ወደ አንድ ማስታወሻ ሰብስበው ምንጮቹን በድርብ ሰረዝ ይለዩዋቸው። ሠንጠረዥ ካለዎት ደግሞ የሠንጠረዡ ማስታወሻዎች ከዋናው ቁጥር ተለይተው በፊደል፣ ማለትም [ሀ]፣ [ለ]፣ [ሐ] እየተባሉ ከሠንጠረዡ ሥር ይቀመጡ፤ በአኃዝ በተሞላ ሠንጠረዥ ውስጥ ሌላ አኃዝ መጨመር ጥፋትን መጋበዝ ነው። በቆዩ መጻሕፍት የምናያቸው ኮከብ፣ መስቀልና ድርብ መስቀል በታተመ ገጽ ላይ ያምራሉ። ከእነርሱ መካከል በተራ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው ኮከቡ ብቻ ነው፤ እርሱንም ማርክዳውን የመሳሰሉት፣ ቅርጽን በተራ ምልክቶች የሚያመለክቱ አጻጻፎች ቃልን ለማጉላት ስለሚጠቀሙበት ባይነካ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጥናት ጽሑፎቼን በተራ ጽሑፍ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ያስቸገረኝ ቁጥሩ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ማስታወሻ መካከል አንድ አዲስ ስጨምር የኋለኞቹን ሁሉ በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆንብኛል፤ ማስተካከል የረሳሁት አንድ ቁጥር ደግሞ ሁሉንም ያዛባዋል። ወደ ማይክሮሶፍት ወርድ ሳልመለስ የምገላገልበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ፤ በረቂቅ ጊዜ ቁጥር አይጠቀሙ። ለእያንዳንዱ ማስታወሻ ከይዘቱ የተወሰደ አጭር ስም ይስጡት፦ ስለ ዝናብ መለኪያ የሚያብራራውን [^ዝናብ]፣ ስለ ቆጠራው ስልት የሚናገረውን [^ቆጠራ] ይበሉት። ስም ከቦታ ጋር ስላልታሰረ አንቀጾቹ ምን ቢገለባበጡ አይናወጥም፤ ቁጥሩ የሚመጣው ሥራው ሲያልቅ ነው። በእጅ ቁጥር የሚሰጡ ከሆነም እንኳ ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ ከላይ ወደ ታች እየሄዱ እያንዳንዱን ስም በተራ ቁጥሩ በፈልጎ መተኪያ መለወጥ ነው።

ይህን በእጅ መሥራትም ላያስፈልግ ይችላል። ማርክዳውን የተባለው ቀላል የጽሑፍ ምልክት አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በጆን ግሩበር ሲወጣ ለግርጌ ማስታወሻ ቦታ አልነበረውም፤ በኋላ ግን በላዩ ላይ የተጨመሩ ማስፋፊያዎች ይህንኑ የቅንፍና የጠቋሚ ምልክት ( ^ ) አጻጻፍ አመጡ። ከሁሉም ለምሁራዊ ጽሑፍ የሚስማማው ጆን ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው፣ ጽሑፍን ከአንድ ዓይነት ፋይል ወደ ሌላ የሚለውጠው ፓንዶክ የተባለ ሶፍትዌር ነው። በዋናው ጽሑፍ ውስጥ [^ዝናብ] ብለው ምልክት ያደርጋሉ፤ ከአንቀጹ ቀጥሎ ወይም በፋይሉ መጨረሻ በአዲስ መስመር ላይ [^ዝናብ]: ብለው ማስታወሻውን ይጽፋሉ፤ ፓንዶክ ምልክቶቹ በታዩበት ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጥቶ ወደ ወርድ፣ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ ወይም መልሶ ወደ ተራ ጽሑፍ ያወጣልዎታል። አጭር ማስታወሻ ከሆነ ደግሞ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ^[ ብለው ከፍተው ጽፈው በ] መዝጋት ይቻላል።

የሚያሰናክሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ አይፈቀድም፤ [^የዝናብ መለኪያ] አይሠራም፣ [^የዝናብ-መለኪያ] ግን ይሠራል። ከስሙ በኋላ የሚመጣው ሁለት ነጥብ የላቲኑ ( : ) እንጂ የግዕዙ ( ፡ ) መሆን የለበትም፤ በአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ለምንጽፍ ሰዎች ከሁሉ በላይ የምታደክመው ይህች ናት፣ ምክንያቱም ሁለቱ በዐይን ሲታዩ መንትያ ናቸው። ማስታወሻው ከአንድ አንቀጽ በላይ ከሆነ ሁለተኛውና ተከታዮቹ አንቀጾች በአራት ክፍት ቦታ ገባ ብለው ካልጀመሩ ከማስታወሻው ወጥተው ከዋናው ጽሑፍ ጋር ይቀላቀላሉ። ምልክቱ ከዋናው ጽሑፍ የተሰረዘበት ማስታወሻ ደግሞ በመጨረሻው ቅጂ ላይ አይወጣም፤ ፓንዶክ ማስጠንቀቂያ ቢሰጥም ማስጠንቀቂያውን የማያነብ ጸሐፊ ማስታወሻው መጥፋቱን ሳያውቅ ይልካል። በተጨማሪም ማርክዳውን እናውቃለን የሚሉ ሶፍትዌሮች ሁሉ ማስታወሻን አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኮመንማርክ የተባለው የማርክዳውን መለኪያም የግርጌ ማስታወሻን በውስጡ አላካተተም። ስለዚህ ሙሉውን ጽሑፍ ከማዘጋጀትዎ በፊት ሁለት መስመር ጽፈው ቢሞክሩት ከድካም ያድንዎታል።

ሒሳብ የሚበዛበት ጽሑፍ ከሆነ ላቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ይመርጡ ይሆናል፤ እርሱም የሚጻፈው በተራ ጽሑፍ ነው። በላቴክ ግን ማስታወሻው በጥምዝ ቅንፍ ተከብቦ በዐረፍተ ነገሩ መሐል ስለሚገባ፣ ማስታወሻው ሲረዝም የዐረፍተ ነገሩ ራስና ጭራ እየተራራቀ ረቂቁን ማንበብ ያስቸግራል። በብዙ ማብራሪያ የሚጽፍ የታሪክ ወይም የሕግ ተመራማሪ በማርክዳውን ረቂቅ ላይ ቢሠራ የተሻለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ «ዝኒ ከማሁ» እያልኩ እንዳልጽፍ ከለከሉኝ። ከመጻሕፍት ስማር ያደግሁበት አጻጻፍ ነውና ምን ነውር አለው?

መልስ፦ ነውር የለውም፤ ዕድሜው ነው ያለፈ። «ዝኒ ከማሁ»፣ ማለትም «ይህም እንደዚያው»፣ የሚለው ማስታወሻ ትርጉሙን የሚያገኘው ከበላዩ ካለው ማስታወሻ ነው፤ በመካከላቸው አንድ አዲስ ምንጭ ቢገባ ወይም አንቀጹ ቢዛወር፣ ያው ቃል ያለ ማንም ጥፋት ወደ ሌላ መጽሐፍ ማመልከት ይጀምራል። በተራ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንቀጽ ማዛወር የዘወትር ሥራ ነው። የቺካጎ መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 17ኛ እትሙ በዚህ ፈንታ አጭር ማጣቀሻን እንደሚመርጥ ገልጿል። መጀመሪያ ሲጠቅሱ ምንጩን በሙሉ ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን አርእስት በሁለት ወይም በሦስት ቃል አሳጥረው፣ የገጹን ቁጥር ጨምረው ያስቀምጡ። በዋቢ ዝርዝር ውስጥም የአንድ ደራሲ ሥራዎች ሲደጋገሙ በስሙ ቦታ ረጅም ሰረዝ ማስገባት ከዚሁ ስለማይለይ፣ ዝርዝሩ በፊደል ተራ እንደገና ሲደረደር ሰረዙ ከማን ሥር እንደሚወድቅ አይታወቅምና ስሙን በየጊዜው በሙሉ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? የደራሲውን ስምና ዓመቱን በቅንፍ ብንጽፍ አይበቃም ወይ? አርእስቶችን ዘመም ባለ ፊደል መጻፍ ካልቻልን፣ የድረ ገጽ አድራሻዎችም እየተቆራረጡ ከሄዱ የዋቢ ዝርዝሩስ ምን ይሁን?

መልስ፦ በከፊል ልክ ነዎት። ስምና ዓመት ብቻ በቅንፍ መጻፍ ለተራ ጽሑፍ የተፈጠረ ይመስላል። አጀማመሩን ብዙዎች እ.ኤ.አ. በ1881 በአንድ ጽሑፉ ውስጥ ከተጠቀመበት ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ ከተባለ የሃርቫርድ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ጋር ያያይዙታል፤ ዛሬ የሥነ ልቡናና የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች የሚከተሉት የኤ.ፒ.ኤ አጻጻፍም የዚሁ ወገን ነው። (ደራሲ፣ 1998፣ 45) ብሎ የተጻፈ ማጣቀሻ ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ የሚዛባ ቅደም ተከተል የለውም። ምንጮችዎ የታተሙ መጻሕፍትና የመጽሔት ጽሑፎች ብቻ ከሆኑ ያለ ማመንታት ይህንኑ ይከተሉ፤ ማስታወሻን ለማብራሪያ ብቻ ያስቀሩት። በአንጻሩ የቤተ መዛግብት ሰነድ፣ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ የሚጠቅስ ጸሐፊ፣ ደራሲ የሌለውንና መለያ ቁጥሩ ብቻ አንድ መስመር የሚፈጀውን ምንጭ በዐረፍተ ነገር መሐል በቅንፍ ሊያስገባው አይችልም፤ ለእርሱ ማስታወሻ ግድ ነው።

በሕክምናው መስክ ከሆኑ ግን ሦስተኛ መንገድ ይጠብቅዎታል። ቫንኩቨር የተባለው፣ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያች ከተማ የተደረገ የመጽሔት አዘጋጆች ስብሰባ የሆነው አጻጻፍ ለእያንዳንዱ ምንጭ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ምንጩ አሥር ጊዜ ቢጠቀስ ያው ቁጥር አሥር ጊዜ ይመላለሳል። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ቅንፍ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የሚያስገባ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ የነገርኳቸው «ሁለት ጊዜ መገኘት አለበት» የሚለው ማረጋገጫም ለቫንኩቨር አይሠራም።

በፓንዶክ የሚጽፉ ከሆነ የአጻጻፉን ዓይነት አስቀድመው መወሰን እንኳን አይጠበቅብዎትም። ምንጮቹን በአንድ የተለየ ፋይል መዝግበው ለእያንዳንዱ መለያ ቁልፍ ይሰጡታል፤ በጽሑፉ ውስጥ [@ደራሲ1998, 45] ብለው ይጠቁማሉ፤ ሲ.ኤስ.ኤል የተባለው የአጻጻፍ ደንብ ፋይል እንደ ምርጫዎ ወደ ኤ.ፒ.ኤ፣ ወደ ቫንኩቨር ወይም ወደ ቺካጎ ማስታወሻ ይለውጠዋል። ስሙን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አስቀድመው ከጠቀሱት ከ@ በፊት አንድ ሰረዝ ሲጨምሩ፣ ማለትም [-@ደራሲ1998] ሲሉ፣ ዓመቱ ብቻ ይወጣል። የምንጮቹን ፋይል በእጅ መጻፍ ካልፈለጉ ዞቴሮ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ያዘጋጅልዎታል። የቤተሰብ ስም የሌላቸውን ደራስያን ስም ግን ይከታተሉ። ለላቴክ የተሠራው የዋቢ ዝርዝር አዘጋጅ ቢብቴክ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚገምት ስሙን ሊገለብጠው ይችላል፤ ሙሉ ስሙን በተጨማሪ ጥምዝ ቅንፍ ከከበቡት እንደ አንድ ስም ይቆጥረውና እንዳለ ይተወዋል።

ስለ አርእስቶች፣ በጽሕፈት መኪና ዘመን ከሥሩ የተሰመረበት ቃል ማተሚያ ቤት ሲደርስ ዘመም ባለ ፊደል እንዲለቀም ምልክት ነበር፤ በተራ ጽሑፍ ቃሉን በሁለት የሥር ሰረዞች መካከል _እንዲህ_ አድርጎ ማስገባት የዚያ ወራሽ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ከጥንትም ዘመም ያለ አጻጻፍ ስላልነበረው የጠፋብን ነገር የለም፤ የመጽሐፉን አርእስት በትእምርተ ጥቅስ «» ማስገባት ይበቃናል። የመጽሔት ጽሑፍ ሲሆን የጽሑፉን አርእስት በትእምርተ ጥቅስ፣ የመጽሔቱን ስም በሥር ሰረዝ ያድርጉና ሁለቱ ይለዩ። ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ገባ የሚለውን የዋቢ ዝርዝር አቀማመጥ በክፍት ቦታ ለማስመሰል ግን አይድከሙ፤ መስመሩ እንደገና ሲታጠፍ ይፈርሳል፣ በማርክዳውን ደግሞ ከባዶ መስመር ቀጥሎ በአራት ክፍት ቦታ የሚጀምር መስመር የኮምፒዩተር ኮድ ተደርጎ ይወሰዳል። በየምንጩ መካከል ባዶ መስመር መተው ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

ፋይሉ ዩ.ቲ.ኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ መቀመጡን ያረጋግጡ፤ በሌላ ኮድ ከተቀመጠ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ሊተካ ይችላል፣ አንዴ ተተክቶ ከተቀመጠም መመለሻ የለውም። በዩ.ቲ.ኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ማስረከቢያው ርዝመትን በባይት የሚለካ ከሆነ የተፈቀደልዎ ቦታ ከገመቱት ሲሦ ብቻ ሆኖ ያገኙታል።

የቀረው የድረ ገጽ አድራሻ ነው። አድራሻው ከኋላው በሚመጣ ነጥብ ወይም አራት ነጥብ ሲነካ ሶፍትዌሩ ነጥቡንም የአድራሻው ክፍል አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል ሲጫኑት ላይከፈት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውና የአድራሻዎችን አጻጻፍ የሚደነግገው አር.ኤፍ.ሲ 3986 በተራ ጽሑፍ ውስጥ አድራሻን በ< እና በ> መካከል ማስገባትን በተለይ ይመክራል፤ መስመሩ ቢታጠፍም መጀመሪያና መጨረሻው ይታወቃል። አድራሻው ቢረዝም ለመስመር ማሳጠሪያ ሰረዝ በፍጹም አያስገቡበት፤ ሰረዝ በአድራሻ ውስጥ ሕጋዊ ምልክት ስለሆነ የእርስዎ ይሁን የአድራሻው ማንም ሊለየው አይችልም። ጽሑፉ ዲ.ኦ.አይ የተባለው፣ በ10 እና በነጥብ የሚጀምረው ቋሚ መለያ ካለው ከረጅሙ አድራሻ ይልቅ እርሱን ይጻፉ። ድረ ገጹ ቢዛወር መለያው ወደ አዲሱ ቦታ እንዲያደርስ አሳታሚው መዝገቡን ያድሳል፤ ጽሑፉን ያዩበትን ቀን መጥቀስም አይጠበቅብዎትም።